ልጆችን ይዞ በኪራይ ጀልባ ዓሣ ማጥመድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጆቼን ይዤ መጀመሪያ ባሕር ላይ የወጣሁ ጊዜ የተከራየሁት ስምንት ሰዓት የሚፈጅ ጉዞ ነበር። ታናሹ ያኔ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር። ወደቡን ለቀን አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላን ጉልበቴ ላይ ተጠቅልሎ «መቼ ነው የምንመለሰው?» ማለት ጀመረ። የቀረውን ስድስት ሰዓት ተኩል ባልነግራችሁ ይሻላል። ከዚያ ወዲህ ደጋግመን ወጥተናል፤ አሁን ራሱ ነው «መቼ ነው የምንሄደው?» እያለ የሚነዘንዘኝ። ጓደኞቼም «ልጆቹን ልንወስድ ነው፣ ምን እናድርግ?» ብለው ይደውሉልኛል። የሚጠይቁት ሁሌም ያንኑ ስለሆነ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ልጅን ከስንት ዓመቱ ጀምሮ መውሰድ ይቻላል?

ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። አንዳንድ ካፒቴኖች የራሳቸው የዕድሜ ገደብ ስላላቸው መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ከዚያ በኋላ እኔ የማየው ዕድሜውን ሳይሆን ሦስት ነገር ነው። ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ልብስ) ለብሶ ሳይነጫነጭ መቆየት ይችላል? «ቁም!» ሲባል ይቆማል? ሲርበው፣ ሲበርደው ወይም ሆዱን ሲያመው ይናገራል? ብዙ ልጆች እዚህ የሚደርሱት አምስት ወይም ስድስት ዓመት አካባቢ ነው።

ቤት ውስጥ ፈትኑት። ላይፍ ጃኬቱን አልብሱትና አንድ ሰዓት ካርቱን ይይ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጎትቶ ካወለቀው ባሕር ላይም ያወልቀዋል።

ከአምስት፣ ከስድስት ዓመት ለሚያንሱት ነፋስ በማይደርስበት ባሕረ ሰላጤ ወይም ሐይቅ ላይ ሁለት ሰዓት በቂ ነው። ሙሉ ቀን ጥልቅ ባሕር ላይ መዋል ግን አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሆናቸው ይቆይ ባይ ነኝ። ጨቅላ ሕፃንስ? ሕፃኑ አያስታውሰው፣ እናንተ አታጠምዱ። ለማን ተብሎ ነው?

ግማሽ ቀን ይሻላል ወይስ ሙሉ ቀን?

ግማሽ ቀን። የጉዞው ርዝመት የሚቆረጠው በትንሹ ልጅ ልክ ነው። ትልልቆቹ ቅር ቢላቸው ሌላ ቀን ለብቻቸው ይወጣሉ።

ግማሽ ቀን ሲባል አብዛኛውን ጊዜ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ግን አራቱም ሰዓት የማጥመጃ እንዳይመስላችሁ። ዓሣው ያለው 30 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ፣ በ20 ኖት (በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ገደማ) የምትሄድ ጀልባ ቦታው ለመድረስ ብቻ 50 ደቂቃ ያህል ትፈጃለች። ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ከአርባ ሆነ። ለልጅ ይህ ሁሉ የሞተር ጩኸትና መንገጫገጭ ነው። ስለዚህ ካፒቴኑን «ከወጣን በስንት ደቂቃ መንጠቆ እንጥላለን?» ብላችሁ ጠይቁት። «ሃያ ደቂቃ» ካላችሁ ሰውየው ልጅ ያውቃል ማለት ነው።

የማለዳውን ጉዞ ምረጡ። ቀኑ ሲገፋ ፀሐይ የብሱን ታሞቀዋለች፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣ በምትኩ ከባሕሩ በኩል ነፋስ ይገባል። በብዙ ዳርቻዎች ከቀትር በኋላ ውሃው የሚናወጠው በዚህ ምክንያት ነው። በርግጥ ልጅን ጎህ ሳይቀድ መቀስቀስ የራሱ ጣጣ አለው። ልብሳቸውን አልብሳችሁ አስተኟቸው፤ እኛ ቤት የሠራው ዘዴ ይሄ ነው።

ጀልባውን ለብቻችን እንከራይ ወይስ ከሌሎች ሰዎች ጋር?

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ለብቻችሁ። ብዙ ሰው የሚጭኑት ትልልቅ ጀልባዎች ዋጋቸው ይቀላል፣ በማዕበልም ብዙ አይወዛወዙም፤ ይህ እውነት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ሰው በአጥሩ ዙሪያ ትከሻ ለትከሻ ተደርድሮ ስለሚያጠምድ ክር ከክር ይጠላለፋል። የእናንተ ልጅ ደግሞ የሁሉንም ክር የሚያጠላልፈው እሱ ነው። ከሁሉም በላይ ልጁ ቢያመው ሰላሳ ሰው ለእናንተ ብሎ አይመለስም።

የግል ኪራይ ከሆነ «በቃን፣ እንመለስ» ማለት ትችላላችሁ። ውዱን ኪራይ የሚያዋጣው ይህቺ አንዲት ቃል ናት። ከበዛባችሁ ልጆቻቸው ከእናንተ ልጆች እኩያ ከሆኑ ቤተሰብ ጋር ተካፈሉ። ጀልባዋ ስንት ሰው እንድትጭን እንደተፈቀደላት ግን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ሕፃንም አንድ ሰው ተብሎ ይቆጠራል።

ምን ዓይነት ዓሣ ብናጠምድ ይሻላል?

ትንሽ፣ ብዙ፣ ቶሎ ቶሎ የሚነክስ።

አዋቂ ሰው ማርሊንና ቱናን የመሰሉ ግዙፍ ዓሦችን ያልማል። እነዚህ የሚጠመዱት አብዛኛውን ጊዜ ጀልባዋ ዝግ ብላ እየሄደች፣ ማታለያው (ምግብ የሚመስለው መንጠቆ) ከኋላዋ እየተጎተተ ነው። ሰዓታት ምንም ሳይነክስ ሊያልፍ ይችላል። ለእናንተ ይህ ዕረፍት ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ቅጣት ነው። ድንገት ሲነክስ ደግሞ ዘንጉን የሚይዘው አዋቂ ነው፤ ልጁ «ዞር በል» ይባላል።

ለልጅ የሚሆነው ወደ ታች ማጥመድ ነው። ጀልባዋ መልህቅ ጥላ ወይም ቀስ ብላ እየተንሳፈፈች ቆማ፣ እርሳስ የታሰረበት ክር እስከ ወለሉ ይወርዳል። ድንጋይና ኮራል አካባቢ ከሆነ ትንንሽ ስናፐርና መሰል ዓሦች በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣሉ። ታላቋ ልጄ መጀመሪያ ቀን የያዘችው ዓሣ ከመዳፏ ብዙም አይበልጥም ነበር። እኔ እሱን አይደለም የማስታውሰው። ከዚያ በፊት ያለችውን ግማሽ ደቂቃ ነው። ክሩን በሌባ ጣቷ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ «እያንኳኳ ነው!» አለችኝ። ከታች ያለውን አታየውም፤ ግን ጣቷ ላይ ቱክ ቱክ ይላል። አንድ ነገር በሌላኛው ጫፍ ሕያው ሆኖ ይጎትታታል። ዓሣ ማጥመድ ማለት ይህ ነው፤ ክብደቱ ስንት ሆነ የሚለው በኋላ የሚመጣ የአዋቂ ጨዋታ ነው።

ሌላም አለ። ብዙ ጀልባዎች ለመንጠቆ የሚሆኑ ትንንሽ ዓሦችን በሕይወት የሚያቆዩበት የውሃ ገንዳ አላቸው። ልጁ እጁን ነክሮ ይያዛቸው ዘንድ የካፒቴኑን ረዳት አስፈቅዱ። ለአንዳንዱ ልጅ የቀኑ ዋና ትዝታ ያ ገንዳ ይሆናል። አትናደዱ።

ካፒቴኑን ስደውልለት ምን ልጠይቀው?

ከመልሱ በፊት አነጋገሩን አድምጡ። «ልጆች አሉኝ» ስትሉት «ስንት ዓመታቸው ነው?» ብሎ ከጠየቀ ጥሩ ምልክት ነው። ዝም ብሎ ባለፈው ሳምንት ስለያዘው ትልቅ ዓሣ ካወራ አመስግናችሁ ዝጉት። ዓሣ የሚያውቅ ካፒቴን ብዙ ነው፤ የልጅ ትዕግሥት ያለው ግን ይፈለጋል።

ከዚያ እነዚህን አንሡ፦ በልጆቼ ኪሎ ልክ ላይፍ ጃኬት አለ ወይስ ይዤ ልምጣ? ጥላ አለ? ሽንት ቤትስ? ለልጅ እጅ የሚሆን ቀላል ዘንግ አለ? ልጁ ቢያመው ቶሎ መመለስ እንችላለን? አየሩ ቢበላሽ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየራል?

ወደ ጥልቅ ባሕር የምትወጡ ከሆነ ስለ ሬዲዮውም ጠይቁ። የባሕር ሬዲዮ (ቪኤችኤፍ) ቻናል 16 ዓለም አቀፍ የአደጋ ጥሪ መስመር ነው። ከባሕር ዳርቻ ርቀው የሚሠሩ ብዙ ጀልባዎች በ406 ሜጋኸርዝ ወደ ሳተላይት የአደጋ ምልክት የሚልክ መሣሪያም ይይዛሉ። ይህን መጠየቅ ፈሪ አያሰኝም። ጥሩ ካፒቴን በኩራት ያሳያችኋል።

ላይፍ ጃኬት ሁሉም ጀልባ ላይ አለ አይደል?

ለአዋቂ አለ። ለአራት ዓመት ልጅ መኖሩን ግን በዓይናችሁ ሳታዩ አትመኑ።

የልጅ ላይፍ ጃኬት የሚመረጠው በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው። ውስጡ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። በብዙዎቹ ላይ አከፋፈሉ ከ14 ኪሎ በታች፣ ከ14 እስከ 23 ኪሎ፣ ከዚያም ከ23 እስከ 41 ኪሎ ገደማ ነው። «ያድጋል» ተብሎ ሰፊ አይገዛም። ሰፊ ጃኬት ውሃ ውስጥ ወደ ላይ ይንሸራተትና ልጁ ከሥሩ ሾልኮ ይቀራል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ቆልፉት፣ ልጁ ሁለት እጁን ወደ ላይ ያንሣ፣ ከዚያ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ወደ አገጩና ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል። ለትንንሾቹ በእግር መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ፣ ራስ የሚደግፍ ኮሌታና ከኋላ መጎተቻ እጀታ ያለውን ፈልጉ። በጋዝ የሚነፋው ቀጭኑ ዓይነት ያምራል፤ ለልጅ ግን ራሱ የሚንሳፈፈው፣ ስፖንጅ ያለው ይሁን።

ደግሞ እናንተም ልበሱ። አባት ሳይለብስ ልጁን «ልበስ» ቢለው ልጁ ጅል አይደለም። ከሁሉ የሚቀድመው ደንብ ግን አንድ አዋቂ ሥራው ልጅ መጠበቅ ብቻ እንዲሆን ነው። እሱ ዘንግ አይዝም። በየሰዓቱ ተቀያየሩ። ዓሣ ሲነክስ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፤ ትንሹ ልጅ የሚረሳው ያን ጊዜ ነው።

ቢያስመልሳቸውስ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህን ነው፤ እኔም የተማርኩት በጉልበቴ ላይ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የውስጠኛው ጆሮ «እየተወዛወዝን ነው» ይላል፤ ዓይን ደግሞ የጀልባዋን ወለል እያየ «ኧረ ቆመናል» ይላል። አንጎል በሁለቱ መሐል ግራ ሲገባው ሆድ ይገለበጣል። ከሁለት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያሉ ልጆች ለዚህ በጣም የተጋለጡ ናቸው። ከሁለት ዓመት በታች ያሉት እምብዛም አይነካቸውም።

ስለዚህ ዓይናቸው ሩቅ ያለውን አድማስ ይይ። ስልክና ታብሌት ከልክሉ፤ ከዚያ የባሰ ጠላት የለም። ጀልባዋ በጣም የምትነሣውና የምትወድቀው ከፊቷ ስለሆነ፣ ከመሐል ወደ ኋላ ባለው ዝቅ ያለ ቦታ አስቀምጧቸው። ኋላ ደግሞ የሞተር ጭስ የሚመጣ ከሆነ ቦታ ቀይሩ፤ ጭሱ ብቻውን ያስመልሳል። ታች ጓዳ ውስጥ «ትንሽ ይተኛ» ብሎ ማስገባት ገና ሲጀምረው አያዋጣም፤ አድማሱ ይጠፋበታል።

ጠዋት ቀለል ያለ ነገር ይብሉ። ባዶ ሆድም የጠገበ ሆድም አይሆንም፤ ቅባት ይቅር። ደረቅ ብስኩት፣ ውሃ በትንሽ በትንሹ። ዝንጅብል የሚረዳቸው አሉ።

መድኃኒትን በተመለከተ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቁ። ድራማሚንን የመሰሉት የሚሠሩት ከመነሣታችሁ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ከተወሰዱ ነው። ማስመለስ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ኪኒን መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ልጅን ያስተኛሉ፤ አንዳንዱን ልጅ ደግሞ ጭራሽ ያቅበጠብጡታል። ስለዚህ ሐኪሙ ከፈቀደ ቤት ውስጥ አንድ ቀን ሞክሩት። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ፕላስተር የአዋቂ ነው፤ ከራሳችሁ ጆሮ ነቅላችሁ ለልጅ እንዳትለጥፉ።

ከመጣ መጣ። ነፋስ ወደሚሄድበት ጎን ይዛችሁት፣ ጃኬቱን ከኋላ ጨብጣችሁ ይልቀቀው። ከዚያ ፊቱን እጠቡለት፤ ግን አትሳቁበት። አንዳንዱ ልጅ አንዴ ካስመለሰ በኋላ አፉን ጠርጎ ዘንጉን ይጠይቃል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከደጋገመውና ፊቱ ከገረጣ ግን ተመለሱ። «ትንሽ ታገሥ፣ ያልፍልሃል» ብዬ እኔ ያተረፍኩት ሁለት ዓመት ጀልባ የማይወድ ልጅ ነው።

አየሩ ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ትንበያው ላይ የሞገዱን ቁመት ብቻ አትዩ፤ በአንዱና በሚቀጥለው ሞገድ መሐል ያለውን ሰከንድም ተመልከቱ። አንድ ሜትር ሞገድ በየአሥር ሰከንዱ ሲመጣ ጀልባዋን እንደ እሹሩሩ ያወዛውዛታል። ያው አንድ ሜትር በየአራት ሰከንዱ ሲመጣ ግን ጥርስ ያፋጫል። ለልጅ ነፋሱ ከ10 ኖት ባይበልጥ እመርጣለሁ። የሞገዱ ጫፍ ነጭ ነጭ አረፋ ካበዛ ቀኑ የእናንተ አይደለም።

ካፒቴኑ «ዛሬ አንወጣም» ካለ አትከራከሩት። ገንዘቡ የሚቀርበት እሱ ነው፤ ያለ ምክንያት አይልም። እሱ «እንውጣ» ቢላችሁና እናንተ ደስ ካላላችሁስ? ያም መብታችሁ ነው።

ሽንት ቤትስ?

ትልልቆቹ ጀልባዎች አላቸው። ጠባብ ነው፣ ይሸታል፣ አንዳንዱ ውሃ የሚለቀቀው በእጅ ፓምፕ ነው፤ ወረቀት ከተጣለበት ይደፈናል። ክፍት የሆኑት ትንንሽ ጀልባዎች ባልዲ ነው ያላቸው። ስምንት ዓመት ለሞላት ሴት ልጅ ባልዲ ቀልድ አይደለም። ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ከመነሣታችሁ በፊትም ሁሉንም ወደብ ላይ ላኩ፣ «አልመጣብኝም» የሚለውንም ጭምር።

ምን እንልበስ፣ ምን እንያዝ?

ፀሐይ ከላይም ትመጣለች፣ ውሃው ላይ ነጥራ ከታችም ትመጣለች። ባርኔጣ ብቻውን ስለማያድን ቀጭን እጅጌ ሙሉ ልብስ አልብሱ። የፀሐይ ክሬም ቁጥሩ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት። የጆሮን ጫፍ፣ የእግርን ጀርባና አገጭ ሥርን ሰው ሁሉ ይረሳቸዋል። ባርኔጣው ማሰሪያ ከሌለው ወደ ባሕሩ እንደ ስጦታ ቁጠሩት።

መነጽር ለፀሐይ ብቻ አይደለም፤ የሚወረወር መንጠቆ ካለ ዓይን የሚጠብቅ እሱ ነው። ፖላራይዝድ የሆነው የውሃውን ነጸብራቅ ስለሚቆርጥ ልጁ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ያያል። ጫማው የማያንሸራትት፣ ጣት የሚሸፍን ይሁን። ተደራቢ ልብስ፣ ፎጣ፣ መቀየሪያ፣ ብዙ ውሃ፣ እርጥብ መጥረጊያ ያዙ። የሚቀመስ ነገር ከምታስቡት እጥፍ ይሁን፤ ባሕር ላይ ልጆች ዝም ብለው ይበላሉ።

ሙዝ ግን ተዉት። በብዙ የዓሣ ጀልባ ላይ ሙዝ ገድ የለውም ይባላል፤ ይዞ የመጣን ሰው ከምር የሚያኮርፉ ካፒቴኖች አሉ። እኔ አላምንበትም፤ ግን ይዤም አልሄድ።

ልጁ ራሱ ያጥምድ ወይስ እንያዝለት?

ራሱ ያጥምድ። ዘንጉ አጭርና ቀላል ከሆነ፣ ክሩም ከአራት እስከ ስድስት ኪሎ የሚችል ከሆነ የስድስት ዓመት ልጅ ይጠቀልላል። ዘንጉ እንዳያመልጥ ከጀልባዋ ጋር በገመድ ይታሰርለት። ቢደክመው ዘንጉን አጥሩ ላይ አስደግፎ ይያዝ፤ እናንተ ከኋላ ወገቡን እንጂ እጁን አትያዙ።

ረዳቱን ክብ መንጠቆ ይኖረው እንደሆነ ጠይቁት። ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዓሣውን የሚይዘው ከንፈሩ ጥግ ላይ ነው፤ ሆዱ ውስጥ አይገባም። ለጀማሪ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ሲነክስ ዘንጉን በኃይል መንጨቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም መንጨቅ ያስመልጣል። ዝም ብሎ መጠቅለል ብቻ ነው። ልጆች ይህን ከአዋቂ የተሻለ ያደርጉታል፤ አዋቂ ካልነጨቀ ያጠመደ አይመስለውም።

በነገራችን ላይ፣ በ1939 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር አሥር ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች የተለየ የክብረ ወሰን መዝገብ አለው። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ሌላ ሰው ዘንጉን ከነካ ክብረ ወሰኑ አይመዘገብም። ይህን ለልጄ ነግሬው ከዚያ በኋላ ማንንም አላስጠጋ አለ። የያዘው ዓሣ ከአንድ ማንኪያ አይረዝምም ነበር።

መንጠቆ ቢወጋውስ?

ብዙውን ጊዜ የሚወጋው ዓሣ ሲያጠምዱ ሳይሆን ሲወረውሩ ወይም ዓሣ ከመንጠቆ ሲያላቅቁ ነው። ትንንሾቹ አይወርውሩ፤ ቀጥታ ወደ ታች ይልቀቁ። ዓሣ የሚያላቅቀው ረዳቱ ይሁን። የመንጠቆው ጫፍ ላይ ያለችውን የመያዣ እሾህ በፒንሳ አስጨፍልቁ። አንዳንድ ዓሣ ያመልጣል፤ ከሥጋ ግን በቀላሉ ይወጣል።

ከወጋው መጀመሪያ ክሩን ቁረጡ፣ ማንም እንዳይጎትተው። ጥልቅ ካልሆነ ረዳቱ ብዙ ጊዜ ያውቅበታል። ዓይን አጠገብ ከሆነ ግን ማንም አይንካው፤ ሳይጫኑት በኩባያ ነገር ከልላችሁ ወደ ሐኪም። የቴታነስ ክትባታቸው ጊዜው እንዳላለፈ ከጉዞው በፊት እዩ።

ዓሣው ሲሞት አይተው ቢደነግጡስ?

ሊደነግጡ ይችላሉ፤ እናንተም ልትደነግጡ ትችላላችሁ። ማሂ ማሂ ወይም ዶራዶ የሚባለው ዓሣ ከውሃ ሲወጣ ወርቅ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ሲሞት ያ ቀለም ዓይናችሁ እያየ ይጠፋና ግራጫ ይሆናል። ልጄ ይህን አይታ «መልሰው» አለችኝ። መመለስ አይቻልም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ከመውጣታችን በፊት ማታ መነጋገር ነው። ምን እንደምንይዝ፣ የትኛውን እንደምንበላ፣ የትኛውን እንደምንለቅ። ደም እንደሚኖርም እነግራቸዋለሁ። ረዳቱ ዓሣውን በዱላ ወይም በስለት ቶሎ የሚገድለው ለጭካኔ ሳይሆን እንዳይሠቃይ መሆኑንም። ማየት የማይፈልግ ልጅ ፊቱን ያዙር፤ በግድ አታሳዩት፣ «ወንድ አይደለህ?» አትበሉት።

የያዝነውን መልሰን ብንለቅ ይተርፋል?

አያያዙ ይወስናል። እጃችሁን በባሕር ውሃ አርጥቡ፤ ደረቅ እጅና ፎጣ የዓሣውን መከላከያ ዝልግልግ ሽፋን ይገፈዋል። ጣት ስንጥቡ (መተንፈሻው) ውስጥ አይግባ። ፎቶ አንሺው አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ዓሣው ልጁ ትንፋሹን ይዞ መቆየት የሚችለውን ያህል ብቻ ከውሃ ይውጣ። ልጆች ይህን ጨዋታ ይወዱታል፤ ትንፋሻቸውን ይዘው ያፈጥጣሉ።

ከጥልቅ የወጣ ዓሣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሲወጣ በውስጡ ያለው አየር ያብጥና ሆዱ በአፉ ይወጣል፣ ዓይኑ ይጎላጎላል። ላይ ላይ ቢለቁት ይንሳፈፋል እንጂ አይወርድም። በክብደት ወደ ታች የሚመልስ መሣሪያ አለ፤ ጀልባዋ ላይ ካለ ልጁ ራሱ ያውርደው።

የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገናል?

እንደ አገሩና እንደ ውሃው ነው። ብዙ ቦታ የጀልባዋ ፈቃድ ተሳፋሪውን ይሸፍናል፤ ትንንሽ ልጆችንም የማይጠይቁ አሉ። ካፒቴኑ ያውቃል። የዓሣው መጠንና ብዛት ገደብም አለ። ልጁ መለኪያውን ይዞ «ያልፋል፣ አያልፍም» እያለ ዳኛ ቢሆን ሁለት ሥራ ይሠራል።

የያዝነውን ለልጆች ማብላት ችግር አለው?

ትኩስ ዓሣ በረዶ ውስጥ ከገባ ምን ችግር አለው! «በረዶ ውስጥ» የሚለው ላይ ግን ልቆም። ቱና፣ ማኬሬልና ማሂ ማሂ ፀሐይ ላይ ከቆዩ ሂስታሚን የሚባል ነገር ሥጋቸው ውስጥ ይፈጠራል። ፊት ያቀላል፣ ራስ ያማል፣ ያስመልሳል። ምግብ ማብሰል አያጠፋውም። ስለዚህ ዓሣው ፎቶ ተነሥቶ ወዲያው በረዶ ውስጥ፤ ቤት እስኪደርስም እዚያው።

ሌላው ሜርኩሪ ነው። ትልልቅና ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ አዳኝ ዓሦች ይሰበስቡታል። ሻርክ፣ ማርሊን፣ ሰይፍ ዓሣና ትልቁ ኪንግ ማኬሬል ለልጆችና ለነፍሰ ጡር አይመከሩም። ይኸው፣ ትንንሾቹን ያልኳችሁ አንዱ ምክንያት ተጨመረ።

ምንም ባንይዝስ?

ይሆናል። «ዓሣ ልንይዝ ነው» ብላችሁ ሳይሆን «ባሕር ልንወጣ ነው» ብላችሁ ውሰዷቸው። ዶልፊን ካለፈ ወይም ከውሃው ተስፈንጥሮ የሚበር ዓሣ ከታየ ዘንጉን አስቀምጡና እዩ። ካፒቴኑ ደግ ከሆነ መሪውን ለአንድ ደቂቃ ያስይዛቸዋል፤ ጠይቁት። ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል።

ለረዳቱ ጉርሻ ይሰጣል?

በብዙ ቦታ አዎ። ልጃችሁ ያጠላለፈውን ክር ሃያ ጊዜ የፈታው፣ ያስመለሰውን ያጠበው እሱ ነው። ስንት እንደሚለመድ ጉዞውን ስትይዙ ጠይቁና ለይታችሁ ያዙት። ልጁ በራሱ እጅ ይስጠው።

እኔ ራሴ አጥምጄ አላውቅም። ልጆቼን ይዤ ብወጣ አያፍሩብኝም?

ጀልባዋ ላይ ስትወጡ ለረዳቱ «ምንም አላውቅም» በሉት። አውቃለሁ ባይ ነው የሚያስቸግረው። እናንተንና ልጁን አጠገብ ለአጠገብ አቁሞ አንድ ላይ ያስተምራችኋል። ክሩን እንዴት እንደሚለቁ፣ ወለል ሲነካ እንዴት እንደሚታወቅ፣ ሲነክስ ምን እንደሚደረግ። አምስት ደቂቃ ነው። ልጁ ከእናንተ ቀድሞ ይገባዋል፤ ከዚያ ዞሮ ያሳያችኋል።